እጃቸውን ሲያነሱ መቆም፦ በየካ አባዶ የታየ የጥርስ ሕክምና ፍርሃት የጉዳይ ጥናት

መጋቢት 2016 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት አካባቢ፣ አንድ ወጣት እናቱን በባጃጅ አሳፍሮ ወደምሠራበት ክሊኒክ መጣ። ክሊኒካችን የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ምድር ላይ ካሉት የንግድ ቤቶች በአንዱ ያለች ጠባብ ቤት ናት፤ አንድ የጥርስ ወንበር፣ አንዲት ነርስና እኔ ነን። እናትየው ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ድረስ ተከናንበዋል። ግራ ጉንጫቸው ከማበጡ የተነሣ ነጠላው በዚያ በኩል ተወጥሯል። አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ተራ ሲጠብቁ እኔ ውስጥ የሌላ ሰው ጥርስ እየቦረቦርኩ ነበር። የማሽኑን ድምፅ ሲሰሙ ብድግ አሉ። ልጃቸው ለመናቸው፤ ነርሷ ለመነቻቸው፤ እምቢ አሉ። በመጨረሻ እኔ ተጠርቼ ወጣሁና ክንዳቸውን ያዝ አድርጌ «አይዞዎት እናቴ፣ ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው» አልኳቸው።

እጃቸውን መንጭቀው ወጡ። ወደ ኋላ እንኳ አልዞሩም። ልጃቸው በሀፍረት «ይቅርታ ዶክተር» ብሎ ተከተላቸው።

ያን ዕለት ጥፋቱ የእኔ መሆኑን አላወቅኩም ነበር። ያወቅኩት ከአራት ቀን በኋላ ነው። ይህን ጉዳይ የምጽፈውም የጥርስ ሐኪም ፍርሃት ሲባል ሁላችንም መርፌውንና ሕመሙን ብቻ ስለምናስብ ነው። እኚህ እናት ሕመም የሚፈሩ ሴት አይደሉም። አራት ልጅ ቤታቸው ወልደዋል፤ በየቀኑ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥተው እንጀራ እየጋገሩ ለብሎኩ ነዋሪ ያከፋፍላሉ፤ ጣታቸው ላይ ያለው የቃጠሎ ጠባሳ ብዛቱ ያስደነግጣል። የሚፈሩት ሌላ ነገር ነበር፤ አፋቸውን ከፍተው «አቁሙ» ሲሉ የሚሰማ ሰው ማጣትን። ታሪካቸው እንዲጻፍ ፈቅደውልኛል፤ ማን እንደሆኑ የሚያሳውቀውን ነገር ግን ትቻለሁ።

ከሦስት ቀን በኋላ ልጁ ብቻውን ተመልሶ መጣ። «እማዬ ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብላ ነው ያደረችው» አለኝ። መጀመሪያ የጠየቅኩት ስለ ፍርሃታቸው አልነበረም። አፋቸውን እንደ ልብ መክፈት ይችላሉ ወይ? ምራቃቸውን ይውጣሉ? ድምፃቸው ተለውጧል? ከአገጫቸው ሥር ወይም ከምላሳቸው በታች አብጧል? ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለትስ አለ? የታችኛው መንጋጋ ጥርስ መግል ወደ ምላስ ሥርና ወደ አንገት ከወረደ የመተንፈሻ ቧንቧን ይዘጋል። ጀርመናዊው ሐኪም ሉድቪግ እ.ኤ.አ. በ1836 የገለጸው፣ እስከ ዛሬም በስሙ የሚጠራው በሽታ ይኸው ነው፤ ሰው ይገድላል። ከእነዚህ ምልክቶች አንዱ ቢኖር ኖሮ ማባበልም ቀጠሮም የለም፤ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው። ደግነቱ አንዱም አልነበረም። እብጠቱ ጉንጭ ላይ ብቻ ነው።

ስለዚህ ልጁን እንዲህ አልኩት፦ «ነገ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ሌላ ታካሚ በማይኖርበት ጊዜ ይምጡ። ወሬ ብቻ ነው የምናወራው። መሣሪያ አይነካም ብሏል ብለህ ንገራቸው።» ነርሷ በአየር ግፊት ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰውን ኮምፕሬሰር አጠፋች። እኔም ነጭ ጋዋኔን አውልቄ ካርድ ክፍል ውስጥ፣ በሩ አጠገብ ሁለት የፕላስቲክ ወንበር አስቀመጥኩ። እሳቸው ለበሩ የሚቀርበው ላይ፣ እኔ ወደ ውስጥ ያለው ላይ። በሩ ክፍት ነው፤ ቢፈልጉ ማንም ሳያግዳቸው መውጣት ይችላሉ።

መጡ። ነጠላቸውን ግን አልገለጡም።

ጥርሱ ካመማቸው ሁለት ዓመት አልፎታል። ያላደረጉት ነገር የለም፦ ቅርንፉድ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሙቅ ውሃ በጨው፣ አረቄ የነካ ጥጥ። ቅርንፉድ በእርግጥ ያደነዝዛል፤ በውስጡ ያለውን ዩጂኖል እኛም በሕክምና እንጠቀምበታለን። የበሰበሰውን ግን አያድነውም። አረቄው ደግሞ ድዳቸውን አቃጥሎ ነጭ አድርጎታል። ሲብስባቸው ከመድኃኒት ቤት አሞክሳሲሊን ገዝተው ሦስት ቀን ይውጡና ሲሻላቸው ያቆማሉ። ዳይክሎፌናክ ደግሞ ጨጓራቸውን እስኪያቃጥላቸው ድረስ ወስደዋል። ይህ አካሄድ በእኛ ሰፈር በየቀኑ የማየው ነው። የፈራ ሰው ይሸሻል፤ ሲሸሽ ጥርሱ ይብስበታል፤ በመጨረሻ ሲመጣ መግል ይዞ ስለሚመጣ ሕክምናው ይከብዳል፤ የከበደው ሕክምና ደግሞ ፍርሃቱን ያጸናል። ስዊድናዊው የጥርስ ሐኪም በርግሬን ይህን ዑደት በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሥሎ አሳይቶታል። አባዶ ላይ ያየሁትም ያንኑ ነው።

«መጀመሪያ ጥርስ ሐኪም ዘንድ የሄዱት መቼ ነው?» ስላቸው ወደ በሩ እያዩ ዝም አሉ። ከዚያ ከጥርስ ጋር የማይገናኝ የሚመስል ነገር ማውራት ጀመሩ።

የተወለዱት ሰሜን ሸዋ ገጠር ውስጥ ነው። ሰባት ዓመት ሲሆናቸው ጉሮሯቸውን ያማቸዋል። አንድ እንጥል ቆራጭ ተጠራ። «አጎቴ ጭንቅላቴን በሁለት ጉልበቱ መሀል ያዘ። እናቴ እግሬን። ሰውየው ጫፉ የታጠፈ ብረት አፌ ውስጥ ከተተ። ሁሉም አይዞሽ፣ አይዞሽ ይላሉ። ተዉኝ ልል ስል ደም ነው የሚወጣው።» እንጥል ማስቆረጥና ግግ ማስወጣት በብዙ የአገራችን ክፍል ልጅን ለማዳን ታስቦ ሲደረግ የኖረ ነው፤ እናትየውም ልጃቸው እንድትተርፍ ብለው ነው እግሯን የያዙት። ዛሬ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊት በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ያስጠይቃል። እኔን ግን በዚያች ሰዓት ያስጨነቀኝ ሕጉ አልነበረም። ዛሬ የሃምሳ ሁለት ዓመት ሴት ሆነው ያንን ሲያወሩ ሁለት እጃቸው ወንበሩን አንቆ ይዞ ነበር።

ሁለተኛው ታሪክ ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት የሆነ ነው። አብሯቸው የመጣው ልጅ ያኔ ጡት ይጠባል። አንድ የሕክምና ቦታ ሄደው መንጋጋ ጥርስ ሊነቀልላቸው መርፌ ተወጉ። «አልያዘም አልኩት። ከንፈርሽ ደንዝዟል? አለኝ። ከንፈሬስ ደንዝዟል፣ ጥርሴ ግን አልደነዘዘም አልኩት። ውሸትሽን ነው፣ ፈርተሽ ነው አለኝ። ስጮህ ሌላ ሰው ጠርቶ ትከሻዬን አስያዘ። አይዞሽ ቻይው ይለኛል።»

እዚህ ላይ ነው የገባኝ። ከአራት ቀን በፊት ክንዳቸውን ይዤ «አይዞዎት» ያልኩት እኔ ነበርኩ።

ለእኛ አይዞህ፣ አይዞሽ ከእናት ጡት ጋር የምንጠባው ቃል ነው። ለታመመም፣ ለወደቀም፣ ለተማሪም እንላለን። ለእኚህ እናት ግን በሕይወታቸው ሁለት ጊዜ፣ አፋቸው ውስጥ ብረት ሲገባ፣ ከሚይዟቸው ሰዎች አፍ የወጣ ቃል ነው። አይዞሽ ማለት ለእሳቸው «አሁን እንይዝሻለን» ማለት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም ነርሷም ቃሉን እሳቸው ፊት አልተናገርነውም። መተው ከባድ ነው፤ ሳናስበው ከአፋችን ይወጣል። በምትኩ «አሁን ምን እንዳደርግ ይፈልጋሉ?» ማለት ለመድን።

ስለ ማደንዘዣው ደግሞ ዕዳ እንዳለብኝ ተሰማኝ። ያኔ የተናገሩት እውነት መሆኑን የሚያስረዳቸው ሰው ኖሮ አያውቅም። ሊዶኬይን እ.ኤ.አ. በ1943 ስዊድን ውስጥ የተሠራ የጥርስ ሕክምና ዋና ማደንዘዣ ነው፤ በአግባቡ ሲሰጥም አስተማማኝ ነው። ግን አንድ ድክመት አለው። ወደ ነርቩ የሚገባው የኤሌክትሪክ ቻርጅ ያልያዘው ክፍሉ ብቻ ነው፤ በጤነኛ ሥጋ ውስጥ ይህ ሩብ ያህሉ ነው። መግል የቋጠረና የተቆጣ ሥጋ ግን አሲድነቱ ስለሚጨምር ወደ ነርቩ ሊገባ የሚችለው ክፍል በጣም ያንሳል። ከንፈር ደንዝዞ ጥርሱ ሳይደነዝዝ ይቀራል። ይህን ለእሳቸው ስነግር በእንጀራ ነው ያስረዳሁት፦ ምጣዱ ሳይግል ሊጥ ቢያፈሱ ዓይን አያወጣም፤ ጥፋቱ የሊጡ አይደለም። መግል ያለበት ቦታም እንዲሁ ነው፤ መድኃኒቱ አለ፣ ቦታው ግን አልተቀበለውም።

«ታዲያ ያኔ አልዋሸሁም?» አሉኝ።

«አልዋሹም። ጥርስዎ አልደነዘዘም ነበር።»

ነጠላቸውን ገልጠው ዓይናቸውን ጠረጉ። እብጠቱን ያየሁት ያኔ ነው። በዚያው በፕላስቲክ ወንበር ላይ እንዳሉ፣ በስልኬ መብራት፣ አፋቸውን ራሳቸው ከፍተው አሳዩኝ። በታችኛው ግራ በኩል የመጀመሪያው መንጋጋ ጥርስ ዘውዱ ረግፎ ሥሩ ብቻ ቀርቷል። ሊሞላም ሆነ በሥር ሕክምና ሊድን የሚችል አልነበረም፤ መነቀል አለበት። የደም ግፊታቸው ሲለካ 160 በ95 ነበር። ወሬ ካወራን በኋላ ደግመን ስንለካው 140 በ90 ሆነ።

ፍርሃታቸውን በመጠን ለማወቅ ሃምፍሪስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1995 ያሻሻሉትን ባለ አምስት ጥያቄ መለኪያ ተጠቀምኩ። ማንበብ ስለማይችሉ በቃል ጠየቅኳቸው፦ ነገ ጥርስ ሐኪም ጋ ይሄዳሉ ቢባሉ፣ ተራ እየጠበቁ ቢሆን፣ ጥርስዎ ሊቦረቦር ቢሆን፣ ጥርስዎ ሊታጠብ ቢሆን፣ ድድዎ ላይ መርፌ ሊወጉ ቢሆን ምን ያህል ይጨነቃሉ? ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 5 ይሰጣል። ድምሩ 19 ከደረሰ ከባድ ፍርሃት ነው። የእሳቸው 23 ሆነ። ሁለቱን ነጥብ የቀነሰችው የጥርስ ማጠቡ ጥያቄ ናት፤ «እሱስ ምን አለው፣ መታጠብ ነው» አሉኝ።

ለእብጠቱ የአምስት ቀን አንቲባዮቲክ ሰጠኋቸው፤ ይህ ጥርሱን እንደማያድን፣ መግሉን ለጊዜው እንደሚያስታግስ ብቻ አስረግጬ ነገርኳቸው። ለሕመሙ ለጨጓራቸው የሚሻለውን ፓራሲታሞል።

ከዚያ ሁለት ነገር መወሰን ነበረብን። አንደኛው የሚያረጋጋ መድኃኒት ነው። በሌላ አገር የሚሰጠው በአፍንጫ የሚሳብ ጋዝ እኛ ጋ የለም። ዳያዜፓም እንክብል መስጠት ይቻል ነበር፤ ልጁም ይህንኑ ጠይቆኛል። እኔ አልፈለግኩም። ሰውነታቸው ፈዝዞ፣ እያወቁ እምቢ ማለት ቢያቅታቸው፣ ያ ሦስተኛው መያዝ ይሆንባቸዋል ብዬ ፈራሁ። ለሌላ ታካሚ ትክክለኛው መንገድ ሊሆን ይችላል፤ ለእሳቸው አይመስለኝም።

ሁለተኛው ጾሙ ነው። የፈራ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲጨነቅ እንዳይውል ጠዋት ቀጠሮ መስጠት ይሻላል ይባላል፤ እኔም ብዙ ጊዜ እንዲያ ነው የማደርገው። ግን ዐቢይ ጾም ነው፤ እሳቸው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም። ሆዱ ባዶ የሆነና የፈራ ሰው መርፌ ሲያይ የደም ግፊቱ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። መጀመሪያ ከንስሐ አባታቸው ጋር እንዲማከሩ አሰብኩ። «ለጥርስ ብዬ አልገድፍም» አሉ። ስለዚህ ቀጠሮው አሥር ሰዓት ሆነ፤ ቤታቸው ሽሮ በልተው፣ ውሃ ጠጥተው እንዲመጡ።

በሦስተኛው ቀጠሮ ምንም ሥራ አልሠራንም። በጥርስ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፤ አላስተኛኋቸውም፤ ወንበሩ ቀጥ እንዳለ ነው። እያንዳንዱን ነገር መጀመሪያ መናገር፣ ቀጥሎ ማሳየት፣ ከዚያ ማድረግ ለሕፃናት ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የተለመደ ዘዴ ነው፤ ለአዋቂም ይሠራል። መስታወቱን እጃቸው ላይ አስቀመጥኩ። የውሃ መርጫውን በመዳፋቸው ላይ ረጨሁት።

ከዚያ ምልክታችንን ተነጋገርን። ግራ እጃቸውን ካነሱ እኔ በእጄ ያለውን ከአፋቸው አውጥቼ ትሪው ላይ አስቀምጣለሁ። «ቆይ ትንሽ ቀረኝ» አልልም። ምክንያቱን አልጠይቅም። በብዙ ክሊኒክ ይህ ምልክት ለታካሚ ይነገረዋል፤ ሲነሣ ግን «አለቀ፣ አለቀ» እየተባለ ሥራው ይቀጥላል። እኔም አድርጌዋለሁ። እንዲያ የሆነ ምልክት ባይኖር ይሻላል፤ ሰውየውን ሁለተኛ ጊዜ መካድ ነው።

ጥርሳቸውን በመስታወት መቁጠር ጀመርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሦስተኛው ላይ እጃቸው ተነሣ። መስታወቱን አወጣሁ፣ ትሪው ላይ አስቀመጥኩ፣ እጄን ጭኔ ላይ አደረግኩ። አዩኝ። ምንም አላመማቸውም። «ይቀጥሉ» አሉ። ገና አንድ ጥርስ ሳልጨምር ደግሞ አነሡ። አስቀመጥኩ። ሦስተኛ ጊዜ። አራተኛ ጊዜ። አምስተኛው ላይ ገና መስታወቱን ሳነሣ አነሡ፤ እኔም መልሼ አስቀመጥኩት። ብረቱ ትሪው ላይ ቅጭል ሲል ይሰማል። ነርሷ በሩ ላይ ቆማ ትንፋሿን ይዛለች። ስድስተኛ ጊዜ ስጀምር እጃቸው ጭናቸው ላይ እንዳለ ቀረ፤ ሁሉንም ቆጠርኩ። ሃያ አምስት ጥርስና አንድ ሥር። ሲወርዱ «እርስዎ» ይሉኝ የነበሩት ሴት «ልጄ፣ ቀጠሮዬን ጻፍልኝ» አሉኝ።

የነቀልነው ከስድስት ቀን በኋላ ነው። እብጠቱ ወርዷል፤ ማደንዘዣውም የተሻለ ዕድል አለው። ድዱን አድርቄ የሚያደነዝዝ ጄል ቀባሁና ሁለት ደቂቃ ጠበቅን። መርፌውን ሳልደብቀው፣ ግን ዓይናቸው ሥር ሳላቀርበው ያዝኩት፤ ማየት ይፈልጉ እንደሆን ጠይቄ «አልፈልግም» ብለዋል። 1.8 ሚሊ ሊትር ማደንዘዣ የሚይዘውን ካርትሪጅ ለመጨረስ ወደ ሁለት ደቂቃ ፈጀብኝ። የመርፌን ሕመም በአብዛኛው የሚያመጣው ፍጥነቱ ነው፤ ፈሳሹ ሥጋውን በድንገት ሲወጥረው ያማል። ከዚያ አሥራ አምስት ደቂቃ ቁጭ ብለን ስለ ጤፍ ዋጋ አወራን። «ከንፈርዎ ደንዝዟል?» ብዬ አልጠየቅኩም። ሹል መሣሪያውን አሳይቼ ድዳቸውን በዙሪያው ነካ ነካ አደረግኩና በየነካሁበት «ይሄስ?» አልኳቸው። ቀድሜም መግፋቱና ድምፁ እንደሚሰማቸው ነግሬያቸዋለሁ፤ ማደንዘዣ ሕመምን እንጂ ግፊትን አይወስድም። ይህን ያልተነገረው ሰው ገና ሲገፋ ሊያመኝ ነው ብሎ ይደነግጣል።

ሥሩን ማላቀቅ እንደጀመርኩ ግራ እጃቸው ተነሣ። በእውነት። መሣሪያውን ትሪው ላይ አስቀመጥኩ። «አመመኝ፤ ወደ ውስጥ ነው» አሉ። አመንኳቸው። በጥርሱና በአጥንቱ መካከል ጥቂት ማደንዘዣ ጨመርኩ፤ አራት ደቂቃ ጠበቅን፤ ደግሜ ፈተንኩ። «አሁን የለም» አሉ። ሥሩ በጉጠት ወጣ። ጎዝ አስነከስኳቸው። ነርሷ ትሪውን ልታነሣ ስትል ከልክለዋት ጥርሱን ለረጅም ጊዜ አዩት።

በዚያው ቀን የመከርናቸው የተለመደው ነው፦ ጎዙን ሠላሳ ደቂቃ መንከስ፣ እስከ ነገ አለመትፋትና በኃይል አለመጉመጥመጥ፣ ትኩስ ቡናውን ዛሬ መተው፣ የጨው ውሃው ከሃያ አራት ሰዓት በኋላ። ምጣድ ላይ ጎንበስ ብሎ መጋገር ለሁለት ቀን እንዲቀር ልጁ ተማጸናቸው። አንድ ቀን ቀረ።

መስከረም 2017 ዓ.ም. ላይ ለክትትል መጡ። መለኪያውን ደግመን ስንጠይቃቸው 14 ሆነ። መጠበቅና መምጣት ቀሏቸዋል፤ ማሽኑና መርፌው ግን አሁንም 4፣ 4 ናቸው። ድነዋል ማለት አልችልም። በላይኛው በኩል ክራንቻቸው መቦርቦር ጀምሯል። «የዓይን ጥርስ» ስለሚባል፣ ከተነካ ዓይኔ ይጠፋል ብለው አጥብቀው ይፈራሉ። የጥርሱ ሥር ረጅም ነው እንጂ ከዓይን ጋር የሚያገናኘው ነርቭ እንደሌለ በሥዕል አሳየኋቸው፤ መነቀልም እንደማያስፈልገው፣ መሙላት እንደሚበቃ ነገርኳቸው። አድምጠው ሲያበቁ «አስብበታለሁ» አሉ፤ እኔም አልገፋኋቸውም።

ከዚያ ወንበሩ ላይ ወጥተው ለምርመራ አፋቸውን ከፈቱ። መስታወቱን ሳነሣ ግራ እጃቸው ብድግ አለ። ትሪው ላይ መልሼ አስቀመጥኩት። እሳቸውም እጃቸውን አውርደው ጭናቸው ላይ አስቀመጡና ዓይናቸውን ጨፈኑ።